የጃፓን ሥርዓት ዕድሜው ስንት ነው?

ስለ ጃፓን በአገራችን የሚነገረው ነገር ከሁለት ወገን ይመጣል። አንደኛው የፖለቲካ መድረክ ነው፤ «ጃፓን ባህሏን ሳትለቅ ሠለጠነች» የሚለው ቃል ከመቶ ዓመት በላይ ሳይሰለች ሲደጋገም ኖሯል። ሁለተኛው ደርሰው የተመለሱ መንገደኞች የሚያወጉት ነው፦ ባቡሩ ደቂቃ አያዛንፍም፤ ተማሪው የሚማርበትን ክፍል ራሱ ይጠርጋል፤ ጎዳናው ላይ ወረቀት ወድቆ አይታይም፤ የጠፋ ቦርሳ ከነገንዘቡ ይመለሳል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ እኔም ለአጭር የጥናት ቆይታ በሄድሁበት ጊዜ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ቅር የሚለኝ ከዚህ ቀጥላ የምትመጣው ዓረፍተ ነገር ናት፤ «ምን ይደረግ፣ ባህላቸው ነው» የምትለው። ይህች ዓረፍተ ነገር ጥያቄን ትዘጋለች። ባህል ከሆነ ከጥንት የነበረ ነው፤ ከጥንት የነበረ ከሆነ ደግሞ እኛ የምንማርበት ነገር የለም፤ ማድነቅ ወይም መቅናት ብቻ ይቀረናል።

የማስተምረው ታሪክ በመሆኑ «ጥንታዊ» የተባለን ነገር ሁሉ ዕድሜውን መጠየቅ የሙያ ልማዴ ነው። ከተማሪዎቼ መካከል ወደ ጃፓን የሚሄዱ አይጠፉምና፣ «ምን አይተን እንምጣ?» ሲሉኝ የምነግራቸውን እዚህ ልጽፈው ወደድሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከትንሹ ነገር ልጀምር። ቶኪዮ የገባ እንግዳ በመጀመሪያው ቀን የሚቸገርበት ነገር ቢኖር የቆሻሻ መጣያ ማጣት ነው። ባዶ የውኃ ጠርሙሱን ይዞ ግማሽ ከተማ ያቋርጣል። በኋላ ነገሩ ሲገባው «ሕዝቡ ቆሻሻውን ወደ ቤቱ ይዞ ይሄዳል፤ እንዴት ያለ ጨዋነት ነው!» ይላል። ነገር ግን መጣያዎቹ በአንድ ወቅት በየቦታው ነበሩ። ማርች 20 ቀን 1995 ኦም ሺንሪኪዮ የተባለው የሃይማኖት ቡድን በቶኪዮ የምድር ውስጥ ባቡር ሳሪን የሚባለውን መርዝ ለቅቆ ከ10 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ሺዎችን ጎዳ። ከዚያ በኋላ ነው፣ አደገኛ ነገር ይደበቅባቸዋል በሚል ስጋት መጣያዎቹ ከጣቢያዎችና ከአደባባዮች የተነሱት። ሕዝቡ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ጽዳትን የለመደ በመሆኑ ከተማው አልቆሸሸም፤ ይህ አይካድም። ቢሆንም እንግዳው ከጥንት የወረደ የመሰለው ልማድ ከብዙዎቹ አንባቢዎቼ በዕድሜ ያንሳል።

የሰዓት አክባሪነቱ ታሪክ ደግሞ ከዚህ የጠለቀ ነው። በ1857 ካተንዳይከ የተባለ የኔዘርላንድ ባሕር ኃይል መኮንን ጃፓናውያንን ሊያሠለጥን ናጋሳኪ ደረሰ። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ በጻፈው ማስታወሻ አምርሮ ካማረረባቸው ነገሮች አንዱ የጃፓናውያን ቀጠሮ አለማክበር ነበር። ዕቃው በተባለው ጊዜ አይደርስም፤ ሠራተኛው አንድ ቀን መጥቶ በዚያው ይቀራል። የመኮንኑን ስም ሸፍኖ ያነበበ ሰው ስለ ሌላ አገር፣ ምናልባትም ስለ እኛ፣ የተጻፈ ይመስለዋል።

ጃፓናውያን በዚያን ጊዜ ሰነፎች ስለነበሩ አይደለም። ሰዓታቸው ሌላ ነበር። ቀኑን ከንጋት እስከ ምሽት ስድስት ቦታ፣ ሌሊቱንም እንዲሁ ስድስት ቦታ ይከፍሉት ነበር። የክረምቱ ቀን ሲያጥር የቀኑ ሰዓት አብሮ ያጥራል፤ በበጋ ሲረዝም ይረዝማል። ሰዓት ሠሪዎቻቸውም የሜካኒካል ሰዓቱን በየወቅቱ እያስተካከሉ ይኖሩ ነበር። ቀንን ከንጋት ጀምሮ መቁጠር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ለገበሬና ለነጋዴ የሚበቃ ሰዓት ነበር፤ ለባቡርና ለፋብሪካ ግን አይበቃም።

የመጀመሪያው ባቡር በ1872 ከቶኪዮ ወደ ዮኮሃማ ተጓዘ። በዚያው ዓመት መጨረሻ መንግሥት አንድ ወር እንኳ የማይሞላ ጊዜ ሰጥቶ የጨረቃውን የዘመን አቆጣጠር ሰረዘ። አሥራ ሁለተኛው ወር ሁለት ቀን ብቻ ኖሮ ሞተ፤ በማግሥቱ ጃኑዋሪ 1 ቀን 1873 ሆነ። ለምን ይህን ያህል ተቸኮለ? ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ኦኩማ ሺገኖቡ እንደተረኩት፣ የመንግሥት ካዝና ባዶ ነበር። በቀድሞው አቆጣጠር መጪው ዓመት 13 ወር ስለነበረው የ13ኛው ወር ደመወዝ ሊከፈል ነበር። አቆጣጠሩ ሲለወጥ ይህ ቀረ፤ የሁለቱ ቀን ወር ደመወዝም አብሮ ቀረ። ጳጉሜን ያለ ደመወዝ የሚያሳልፈው ያገራችን የመንግሥት ሠራተኛ የዘዴውን ብልሃት ማብራሪያ አያሻውም።

ዐዋጅ ግን ልማድን በአንድ ጀንበር አይለውጥም። ባቡሩ ከተጀመረ ከ48 ዓመት በኋላ፣ በ1920፣ «የኑሮ ማሻሻያ ማኅበር» የሚባል ድርጅት ተቋቋመ፤ ሹማምንትም ያሉበት ነበር። ማኅበሩ ጁን 10ን «የሰዓት ቀን» ብሎ ሰየመ፤ ቀኑ እስከ ዛሬ ይታወሳል። ሕዝቡ ስብሰባ ላይ እንዳያረፍድ፣ ሰው ቤት ሄዶ ያለ ልክ እንዳይቀመጥ ይሰብክ ነበር። የሚያረፍድ ሰው ከሌለ እንዲህ ያለ ስብከት አያስፈልግም። የማኅበሩን ስም በጃፓንኛ ልብ ይበሉ፤ በውስጡ «ካይዘን» የሚለው ቃል አለ። ወደዚህ ቃል እመለሳለሁ።

ዛሬ ባቡር ሲዘገይ ጣቢያው ለመንገደኛው የመዘግየት ማስረጃ ወረቀት ይሰጠዋል፤ ለአለቃው ያሳያል። በኖቬምበር 2017 ትሱኩባ ኤክስፕረስ የተባለው መሥመር አንድ ባቡር ከሰዓቱ 20 ሰከንድ ቀድሞ በመነሳቱ ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ፤ ዓለም ሳቀ፣ አደነቀም። ከዚያ 12 ዓመት ቀደም ብሎ የሆነውን ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ኤፕሪል 25 ቀን 2005፣ ኦሳካ አጠገብ አማጋሳኪ በምትባል ከተማ፣ አንድ ወጣት ሾፌር ከሰዓቱ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ዘገየ። የሚዘገዩ ሾፌሮች ከሥራ ተነሥተው ለሚያዋርድ «የተሐድሶ ሥልጠና» ይዳረጉ ነበር። ይህ ሾፌር የጠፋውን ሰከንድ ለማካካስ ሲሮጥ ባቡሩ ኩርባ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ከአንድ ሕንፃ ጋር ተላተመ፤ ሾፌሩን ጨምሮ 107 ሰዎች ሞቱ። የባቡሩን ፍጥነት የሚያደንቅ መንገደኛ ይህንንም አብሮ ይዞ ቢመለስ መልካም ነው።

ስለ ትምህርት ቤቱ አጠር ላድርግ። በ1872 የወጣው የትምህርት ዐዋጅ 53,760 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንዲከፈቱ አቀደ፤ ክፍያውን ግን በወላጅ ላይ ጣለው። ገበሬው የልጁን ጉልበትም ገንዘቡንም መንግሥት ስለ ወሰደበት በ1873 በምዕራብ ጃፓን ሲያምፅ ከግብር ቤቶች ጋር ትምህርት ቤቶችንም አጠፋ። የግዳጅ ውትድርናው «የደም ግብር» ሲባል፣ መንግሥት ደማችንን ሊቀዳ ነው የሚል ወሬ የተነዛውም ያኔ ነው። የትምህርት ክፍያው የተነሳው በ1900 ነው፤ ሕፃናቱ በሙሉ ማለት ይቻላል ትምህርት ቤት የገቡት ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ሕፃናቱ ጀርባቸው ላይ የሚያዝሉት ያ ጠንካራ የቆዳ ቦርሳ ስሙም ቅርጹም የመጣው ከኔዘርላንድ ወታደሮች የጀርባ ቦርሳ ነው። ልጆቹ በጣም ያምራሉ፤ ቦርሳው ግን ከጦር ሰፈር የመጣ ነው።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን የመሰሉ ሊቃውንት ጃፓንን በምሳሌነት ካነሱበት ጊዜ ጀምሮ የምኒልክና የተፈሪ ዘመን ምሁራን ዓይን ወደ ቶኪዮ ነበር። በጁላይ 1931 የታወጀው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን፣ ረቂቁን በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲያዘጋጁ አርአያ ያደረጉት የ1889ኙን የጃፓን ሕገ መንግሥት ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ወደ ጃፓን ተጉዘው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጻፉ። ለጊዜው ትልቅ ሥራ ነው፤ አሁንም ቢነበብ እመክራለሁ። እንግዳ ሆኖ የተከበረ ሰው ግን የሚያየው አስተናጋጁ ያሳየውን ነው።

በጃፓን የመንግሥት መዝገብ ያልታየው ሌላው ታሪክ ከሺንጁኩ ጣቢያ በባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ በሚበልጥ መንገድ፣ በምዕራብ ቶኪዮ ተራሮች ግርጌ ኢትሱካይቺ በምትባል ስፍራ ይገኛል። በ1968 ኢሮካዋ ዳይኪቺ የተባሉ የታሪክ ምሁር ከተማሪዎቻቸው ጋር የአንድ የገጠር ቤተ ሰብ አሮጌ ግምጃ ቤት ከፍተው ሲበረብሩ የሕገ መንግሥት ረቂቅ አገኙ። ረቂቁ የ1881 ነው፤ 204 አንቀጾች አሉት፤ አብዛኞቹም ስለ ሕዝብ መብት ናቸው። የጻፈው ቺባ ታኩሳቡሮ የሚባል የመንደር አስተማሪ ነው፤ አብረውት የተከራከሩት የአካባቢው ገበሬዎችና ነጋዴዎች ነበሩ። ማታ ማታ እየተሰበሰቡ «ንጉሡ ሕግን ይጥሳልን? ሞት ፍርድ ይገባልን?» እያሉ ይሟገቱ ነበር። በዚያን ዘመን በጃፓን የተጻፈው እንዲህ ያለ የግል ረቂቅ በደርዘን የሚቆጠር ነው። መንግሥት ፓርላማ እንደሚከፍት በ1881 ቃል የገባው የነፃነትና የሕዝብ መብት ንቅናቄ የሚባለው ይህ ጩኸት አላስተኛው ስላለ ነው። ከዚያ ኢቶ ሂሮቡሚ በር ዘግተው የራሳቸውን ረቂቅ ጻፉ፤ በ1889 ከንጉሠ ነገሥቱ ለሕዝቡ «የተሰጠ» ተብሎ ታወጀ። የእነ ቺባ ረቂቅ ሣጥን ውስጥ ቀረ።

እኛ የወሰድነው በር ተዘግቶ የተጻፈውን ነው። በጃፓን ያ ወረቀት በሕዝብ ግፊት ላይ የተቀመጠ ክዳን ነበር፤ በ1890 የተመረጠው የመጀመሪያው ፓርላማ፣ መራጮቹ ከሕዝቡ ከመቶ አንድ ያህል ብቻ የነበሩ ቢሆንም፣ ገና ከመግባቱ የመንግሥትን በጀት መቁረጥ ጀመረ። በእኛ አገር ግን የሕግ መምሪያው አባላት በመኳንንቱና በየአካባቢው ሹማምንት የሚመረጡ ነበሩ። ክዳኑ መጣ፤ የሚከደነው ድስት አልተጣደም ነበር።

ከዚያ ሰማንያ ዓመት ያህል ቆይቶ ካይዘን መጣ። በ2008 የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የጃፓንን መንግሥት ጠየቁ፤ በ30 ፋብሪካዎች ተሞከረ፤ በ2011 የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። አምስቱ «ማ»ዎች፣ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት እያሉ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፉ። የረዳቸው ፋብሪካዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ መሣሪያን በቦታው ማስቀመጥ ማንንም አይጎዳም። በአንድ መሥሪያ ቤት ግን ማስረጃ ፍለጋ ሦስት ቀን ስመላለስ፣ የካይዘኑ ሰሌዳ ከበላዬ ተሰቅሎ ፋይሌ እስከ መጨረሻው አልተገኘም። ሰሌዳው ንጹሕ ነበር።

ካይዘን በጃፓን ምን ላይ ተተከለ? በ1949 በአሜሪካ ጦር አስተዳደር ሥር የተወሰደው የገንዘብ ማጥበቅ እርምጃ ኩባንያዎችን ወደ ኪሳራ ገፋ። ቶዮታ አበዳሪ ባንኮቹ ሠራተኛ ቀንስ አሉት። ሠራተኞቹ ሁለት ወር ያህል አድማ መቱ። በ1950 ክርክሩ ሲያልቅ ከ1,500 በላይ ሠራተኞች ወጡ፤ የኩባንያው መሥራችና ፕሬዚዳንት ቶዮዳ ኪኢቺሮም ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ወዲያው የኮሪያ ጦርነት የጭነት መኪና ትእዛዝ ኩባንያውን አዳነው። ከሠራተኛው የማሻሻያ ሐሳብ መሰብሰብ በቶዮታ የተጀመረው በ1951 ነው፤ አድማው ካለቀ በኋላ ማለት ነው። በቀጣዮቹ ዓመታት በትልልቅ ኩባንያዎች አንድ ያልተጻፈ ውል ሰፈነ፦ ሠራተኛው አድማውን ይተዋል፤ ኩባንያው ደግሞ እስከ ጡረታ አያባርረውም። ሥራውን የሚያቀላጥፍ ሐሳብ የሚያቀርብ ሠራተኛ ሐሳቡ የራሱን እንጀራ እንደማይቆርጥበት ማወቅ አለበት። እኛ ሰሌዳውን አስመጣን፤ ውሉን ግን ያነሳው ሰው አልሰማሁም።

ውሉ በጃፓንም እየተሸረሸረ ነው። ዛሬ ከሠራተኛው ከመቶ 37 ያህሉ ቋሚ አይደለም። ውሉ የሸፈናቸውም ቢሆኑ ዋጋውን በዕድሜያቸው ከፍለዋል፤ «ካሮሺ» ማለትም በሥራ ብዛት መሞት የሚል ቃል ያወጣ ሕዝብ ነው፤ ይህን ለመከላከል በ2014 ሕግ እስከ ማውጣት ተደርሷል። በመጨረሻው የማታ ባቡር ተሳፍሮ የሚያንቀላፋውን ባለ ከረባት ሰው ፎቶ የሚያነሳ እንግዳ ይህን ይወቅ። (ፎቶውን ባያነሳም ይሻላል።)

በ2024 ከ36 ሚሊዮን በላይ የውጭ ጎብኚዎች ጃፓን ገብተዋል። በዚያው ዓመት የተወለዱት ጃፓናውያን ሕፃናት 686,061 ነበሩ፤ መመዝገብ ከተጀመረበት ከ1899 ወዲህ ከ700,000 በታች ሲሆን የመጀመሪያው ነው። ከአሥሩ ሰው ሦስቱ ያህል 65 ዓመት ሞልቶታል። በሌሊት በሚሠሩት ሱቆች ሒሳብ የሚቀበሉት የኔፓልና የቬትናም ልጆች መሆናቸውን ማንም እንግዳ ያያል። በ2024 መጨረሻ በጃፓን የሚኖሩ የውጭ ዜጎች 3.77 ሚሊዮን ደርሰው ነበር። በጁላይ 2025 በተደረገው የላይኛው ምክር ቤት ምርጫ «ጃፓናውያን ይቅደሙ» የሚል መፈክር ያነገበው ሳንሴይቶ የተባለ ፓርቲ 14 መቀመጫ አገኘ። ትሕትናው እንዳለ ነው፤ ጥያቄው ለማን እንደሆነ ነው።

ይህን ጥያቄ ጃፓን አንድ ጊዜ በአስከፊ መንገድ መልሳዋለች። ሴፕቴምበር 1 ቀን 1923 ቀትር ላይ ቶኪዮንና ዮኮሃማን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥና ያስከተለው ቃጠሎ 100,000 ያህል ሰው ፈጀ። በዚያው ማታ «ኮሪያውያን ጉድጓድ ይመርዛሉ፣ ቤት ያቃጥላሉ» የሚል ወሬ ተነዛ፤ ፖሊስና ጋዜጦችም አራገቡት። የሰፈር ሰዎች ዘብ አቋቁመው ቀርከሃና ሰይፍ ይዘው መንገድ ዘጉ። አላፊውን እያስቆሙ «15 የን ከ50 ሴን» በል ይሉታል፤ በጃፓንኛ ሲጠራ ለኮሪያዊ አፍ የሚያስቸግር ነው። የተሳሳተ ተገደለ። የሞቱት ሺዎች ናቸው። ፉኩዳ በሚባል መንደር ከሌላ ክፍለ አገር የመጡ ዘጠኝ ጃፓናውያን መድኃኒት ሻጮች፣ ሕፃናት ጭምር፣ አነጋገራቸው እንግዳ ሆኖ ስለተሰማ ተገደሉ። ገዳዮቹ ሽፍቶች አልነበሩም፤ ሰፈራቸውን የሚጠብቁ፣ ጎረቤታቸውን የሚያከብሩ ሰዎች ነበሩ። የአንድን ሰው ነፍስ በቋንቋው ቅላጼ መመዘን ምን እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

በቶኪዮ ዮኮአሚቾ መናፈሻ ከ1973 ጀምሮ የመታሰቢያ ሐውልት አለ። የከተማይቱ ገዥዎች በየዓመቱ የሐዘን መልእክት ይልኩ ነበር፤ ገዥዋ ኮይኬ ዩሪኮ ከ2017 ጀምሮ ይህን አቁመዋል።

ሌላ ትንሽ ሐውልት ደግሞ ያሂሮ በሚባል ሰፈር በአራካዋ ወንዝ ዳር አለች። በ1923 ወንዙ ገና እየተቆፈረ ያለ የጎርፍ ማውረጃ ቦይ ነበር፤ ከቆፋሪዎቹ መካከል ኮሪያውያን የቀን ሠራተኞች ነበሩ። በዚያ በነበረው በአሮጌው የዮትሱጊ ድልድይ አጠገብ ብዙዎች ተገደሉ። ሐውልቷን በ2009 ያቆሙት የመንግሥት ሰዎች ሳይሆኑ ታሪኩን ከሽማግሌዎች አፍ እየሰበሰቡ የቆዩ የሰፈሩ ነዋሪዎችና ወዳጆቻቸው ናቸው፤ በግል መሬት ላይ ናት። ከያሂሮ አንድ ጣቢያ ወንዙን ሲሻገሩ ዮትሱጊ ይደረሳል። ዮትሱጊ በካትሱሺካ ወረዳ ውስጥ ነው፤ በጃፓን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በርከት ብለው የሚገኙበት ወረዳ ማለት ነው። እዚያ ካገኘኋቸው ወገኖቼ መካከል ፋብሪካ የሚሠራ አንድ ወንድም ነበር፤ ለዓመታት በባቡር ያን ወንዝ ሲሻገር ኖሯል። ነገሩን ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝ፤ ከዚያ ስንት ሰዓት ብንሄድ እንደሚመቸኝ ጠየቀኝ። እሑድ ከሰዓት በኋላ አብረን ሄድን።